የስለት ብስክሌት

ደብረ ማርቆስ፣ መስከረም 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለፍሥሐ፣ ሐዋሳ

የአዲስ ዓመት ሰላምታዬ ዘግይቶም ቢሆን ካለህበት ይድረስህ። እኔ አለሁ። ስፌቱም አለ፤ ለመስቀል የዲያቆናት ቀሚስ ሰፍቼ አስረክቤያለሁ።

ስለ ዘመናይ የጻፍኸውን አንብቤ፣ አጥፌ አስቀምጫለሁ። ነፍስ ይማር ላልኸው አሜን። ካረፈች ወራት አልፈው ከሌላ ሰው መስማትህ አሳፍሮኛል። ባለቤቴ ናትና እኔ ልነግርህ ይገባ ነበር። ግን መርዶ በደብዳቤ አይነገርም ብዬ ተውሁት፤ ስታነበው አጠገብህ ሰው ይኑር አይኑር አላወቅሁም።

ስለ ብስክሌቷ «ያን ዝገት ምን ልታደርገው ነው?» ላልኸኝ መልሱ እንዲህ ነው። አንተ ወደ ደቡብ ከሄድህ በኋላ ዓይኔን ሞራ ጋርዶት ነበር። መጀመሪያ ክሩን በመርፌው ዘመናይ ታስገባልኝ ነበር፤ በኋላ ጨርቁንም ማየት አቃተኝ። ሐኪሙ ዓይኔን ሊከፍት ቀን ሲቆርጥ እሷ ወደ ትውልድ ደብሯ፣ ከሉማሜ ወጣ ብሎ ወዳለው ሚካኤል ሄዳ ተሳለች። ቃሏን ነግራኛለች። «የዚህን ሰው ዓይን መልስልኝ፤ ብስክሌቴን እንደ መጣልኝ አድርጌ ደጅህ አቆመዋለሁ» ነው ያለችው። ዓይኔ ተመለሰ። እሷ ስለቷን ሳታገባ ታመመች፣ ሄደች። ልጅ አልሰጠንም፤ ከእኔ ሌላ የሚያገባላት የለም። የሙት ስለት ሲያድር ለነፍስ ሸክም ነው ይላሉ አባቶች።

ብስክሌቱን መቼም አትረሳውም። በ1985 ዓ.ም. የክትባት ፕሮጀክቱ ለሠራተኞቹ ሲያድል ከሴት ደፍራ የወሰደች እሷ ብቻ ናት፤ መቀመጫውን ከኋላ ይዘህ ሜዳው ላይ ያስተማርሃት አንተ ባልደረባዋ ነህ። የክትባቱን ሳጥን አስራበት እስከ ቁይ ገጠር ስትወጣ ስትወርድ ኖረች። አሁን ጓሮ ቆሟል፤ ዶሮ ያድርበታል። ካቴናው ተበጥሷል፣ ፍሬኑ በሽቦ ታስሯል፣ የማርሽ መቀየሪያው ጠፍቷል።

ለኅዳር ሚካኤል ይገባል ብዬ ለቄስ ገዳሙ ነግሬያለሁ፤ የደብሩ አስተዳዳሪ ናቸው፣ የእሷም ንስሐ አባት ነበሩ። ስለት ደጅ ከቆመ በኋላ ለሕዝቡ ይጫረታል፤ ከዚያ ወዲያ የገዛው ሰው ነው። እንግዲህ ከዚያ ዘመን የተረፈ ዕቃ ካለህ ላክልኝ። አዲሱ ዕቃ ገበያውን ሞልቶታል፤ ግን ቃሉ «እንደ መጣልኝ» ነውና አይሆንም።

ስልክ ለምን አታነሳም ላልኸኝ፣ ኔትወርኩ ይመጣል ይሄዳል፤ ሲመጣም ጆሮዬ ከስልክ አይስማማም። በሾፌሩ በደመላሽ እጅ የሰጠኸው ሁሉ ይደርሰኛል።

እንዳላማው

ሐዋሳ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልብስ ሰፊው ወዳጄ ለእንዳላማው

ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ከእኔ ቀድሞ ጡረታ ወጥቷል። እንግዲህ አንተም በስተርጅና ብስክሌት ጠጋኝ ሆንህ። ስንት ዓመት «ይህ የብረት ፍየል» እያልህ ስትሰድበው ኖረህ።

ባትጠይቀኝም ልንገርህ። አዎ፣ አሁንም እነዳለሁ። እዚህ አገሩ ሜዳ ነው፤ ሰው ብስክሌት የሚይዘው እንደ ጫማ ነው። ልጆቹ የእኔን ሲያዩ «ፋዘር፣ ይህ ማውንቴን ከኖኅ መርከብ ነው የወረደው?» ይሉኛል። የዘመናይ ብስክሌት መንትያ ነው፤ ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ለእኔ የደረሰኝ።

ኩሽኔታውን በነጭ ጋዝ እጠበው፣ አድርቀው፣ ከዚያ ግሪስ ሙላበት። የስፌት መኪና ዘይት እንዳታንጠባጥብበት። እሱ ለመርፌ ነው፤ ተራራ ለሚወጣ አይሆንም።

በዚህ ጥቅል የማርሽ መቀየሪያ፣ ካቴናና ሁለት የፍሬን ክንዶች አሉ። ከሳጥኔ ያገኘኋቸው ናቸው። ለበዓሉ አድርስ። ዘመናይ ቃሏ እንዲያድር የምትወድ ሰው አልነበረችም፤ ክትባት ዛሬ ነው ካለች ዝናብም ቢሆን ዛሬ ነበር።

አያለቅስም ይሉሃል ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው ወይ?

ፍሥሐ

ደብረ ማርቆስ፣ ኅዳር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለፍሥሐ

ሰላምታዬ ይድረስህ። ጥቅሉ በሰላም ገብቷል። ስለ ድካምህ ጌታ ይክፈልህ።

አስገባኸው ወይ ላልኸኝ፣ አላስገባሁትም። በዚያ ሰሞን መንገድ ተዘግቶ ነበር። በዋዜማው ግን ተከፍቷል፤ መዋሸት አልፈልግም። የቀረው በማርሽ መቀየሪያው ነው። የዘመናይ በአውራ ጣት የሚገፋ፣ ምንም ያልተጻፈበት ነበር። አንተ የላክኸውም በአውራ ጣት የሚገፋ ነው፤ ነገር ግን ከሥሩ ትንንሽ ቁጥር ተቀርጾበታል። የሌላ ዓመት ይመስለኛል። ስለዚህ መልሼ ልኬልሃለሁ፤ ሌላ ፈልግልኝ። የፍሬኑን ክንዶች ይዣቸዋለሁ፤ እነሱንም ገና አላመንኋቸውም።

ኩሽኔታውን እንዳልኸኝ አጥቤዋለሁ። ጎማውን ከፍ አድርጌ ሳሽከረክረው ድምፅ የለውም። ማታ ማታ ከጸሎት በፊት እንዲሁ አሽከረክረዋለሁ።

ስለ ልቅሶው። ዓይኔን የከፈቱልኝ ቀን መጀመሪያ አደነዘዙት። የሐኪሙ እጅ ሲመጣ ይታየኝ ነበር፣ ሲነካኝም አውቃለሁ፤ አያምም። «ደህና ነህ?» ሲለኝ «ደህና ነኝ» አልሁት፣ እውነቴን ነበር። አሁንም ሰው ሲጠይቀኝ እውነቴን ነው። ለቀስተኛው ግን ሌላ ነገር ጠብቆ ይመጣል፤ አይቶኝ ዝም ብሎ ይሄዳል።

ለጥር ሚካኤል ይደርሳል።

እንዳላማው

ደብረ ማርቆስ፣ የካቲት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለፍሥሐ

ጾሙን በሰላም እንደጀመርህ ተስፋ አለኝ። ሁለተኛው ጥቅልም ደርሷል። ፔዳሎቹ ልክ ናቸው። ጎማዎቹ ግን ጎናቸው ጥቁር ነው፤ የዘመናይ ጎኑ ቡናማ ነበር፣ የቆዳ ቀለም። መቀመጫውም ሰፋ ብሎብኛል። ሁለቱንም በደመላሽ እጅ መልሻለሁ፤ አትቀየመኝ።

ጥርን ለምን አሳለፍህ ላልኸኝ የምሰጥህ መልስ ይኸው ነው።

ባለፈው ሳምንት ቄስ ገዳሙ ጸበል ሊረጩ መጡ። ረጭተው ሲጨርሱ ወደ ጓሮ ዞሩ። አንተም እንደነበርህ እንዲሆን የተባባልነውን ልጻፍልህ።

«እንዳላማው፣ ይህስ አልቋል» አሉኝ።

«ጎማው ነው አባቴ። ቀለሙ አልሆነም።»

«ቀለሙ ምን ሆነ?»

«ጎኑ ቡናማ መሆን ነበረበት።»

«ቅዱስ ሚካኤል ክንፍ ያለው መልአክ ነው። በጎማ ይሄዳል ብለህ ነው?»

«ቃሏ ‹እንደ መጣልኝ› ነው፣ አባቴ። እርስዎም ስለት እንደ ቃሉ ነው ብለው አስተምረውናል።»

«አስተምሬያለሁ። ስለት ይታደስ እንጂ ይታሰር አላልሁም። ዶሮዎቹስ አሁን የት ያድራሉ?»

«ቤት ሠራሁላቸው።»

«ለዶሮዎቹ ጨርሰህ ለእሷ ሳትጨርስ» አሉና መስቀሉን አሳልመውኝ ወጡ።

ከሄዱ በኋላ ብዙ አሰብሁ። ውዳሴ ማርያም ስደግም መሐሉ ላይ የፍሬን ሽቦ ይመጣብኛል። ጸሎቴን አቋርጬ ወጥቼ አየዋለሁ። ሽቦው ልክ ነው። ተመልሼ ከየት እንዳቋረጥሁ ይጠፋኛል። ይህ ኃጢአት ይሁን ድካም እንጃ። ልጠይቃቸው ነበር፤ አልጠየቅሁም።

ለማንኛውም ቡናማ ጎኑን ጎማ ካገኘህ፣ መቀመጫም ጠበብ ያለ ካለህ፣ ለሰኔ ሚካኤል ይደርሳል።

እንዳላማው

ሐዋሳ፣ መጋቢት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእንዳላማው

ሰላምታውን በሆድህ ያዘው፤ ዛሬ ልቆጣህ ነው። ጾም ነውና ብቆጣ ይቅር ይበለኝ።

ሳጥን አልሁህ እንጂ ሳጥን የለኝም። የላክሁልህ ሁሉ ከራሴ ብስክሌት የተፈታ ነው። «የሌላ ዓመት ይመስለኛል» ብለህ የመለስኸው መቀየሪያ ከዘመናይ ጋር በአንድ ቀን፣ በአንድ መኪና የመጣ ነው፤ ሁለቱንም የገጠምሁ እኔ ነኝ። ቁጥሩ በእሷም ላይ ነበር። እያገላበጥህ ቁጥር ስትፈልግ እኔ በጉልበቴ ገበያ እሄድ ነበር። ልጆቹም «ፋዘር፣ መርከቡ ሰጠመ እንዴ?» ይሉኛል።

ሌላም ልንገርህ። መቀመጫው የተቀየረው በሁለተኛው ዓመት ነው። «ፍሥሐ፣ ይህ ነገር ለሰው አልተሠራም» አለችኝና በሰፊ ቀየርሁላት። አንተ ጠባብ የምትለው እሷ የጠላችውን ነው። ፔዳሉ ደግሞ ከመኪናው ሲወርድ አንዱ ተሰብሮ ነበር። እንደ መጣላት ካልህ አንዱን ስበርና ስጥ።

ጎማዋ ቡናማ ነበር፣ ልክ ነህ። በእሾህ ሲያልቅ ያገኘሁትን ሁሉ አልብሼዋለሁ፤ ጥቁርም፣ አንድ ጊዜ አንዱ ጥቁር አንዱ ቡናማም ሆኖ ቁይ ደርሳ ተመልሳለች። እሷ ይሂድልኝ እንጂ ምን ይምሰል ብላ አታውቅም።

እንዳላማው፣ ብስክሌቱ ያለቀ መሆኑን እኔም ቄስ ገዳሙም ዶሮዎችህም እናውቃለን። የመለስኸውን ሁሉ እንደገና ልኬዋለሁ። ከእንግዲህ አልፈታም፤ የሚፈታም የቀረኝ የለም።

ባስቀይምህም ወዳጅህ ነኝ።

ፍሥሐ

ደብረ ማርቆስ፣ ግንቦት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለፍሥሐ

ይቅርታህን እለምናለሁ። ደብዳቤህ ሲደርሰኝ ወዲያው መጻፍ ነበረብኝ፤ ፋሲካም አለፈ።

መቀየሪያው አንድ ዓይነት መሆኑን ያወቅሁት መቼ ነው ብትለኝ፣ ጥቅሉን የፈታሁ ዕለት ነው። በእጄ ስይዘው አወቅሁት፤ ስንቴ የእሷን ጠርጌ አውቃለሁ። ግን ቁጥሩን ሳይ ደስ አለኝ። ደስ ያለኝም ለማዘግየት ምክንያት ስላገኘሁ ነበር። እስከ ዛሬ ይህን ለራሴም አልተናገርሁትም።

ብስክሌቱ እያለ እሷ የምትሠራው ሥራ ያለ ይመስለኛል። ከገባ ግን እሷ ከእኔ የምትፈልገው ነገር አይኖርም። ሌላ ምክንያት የለኝም። ነፍሷን ሸክም አሸክሜ እኔ ሽቦ ሳጠብቅ ከረምሁ፤ አንተንም በእግርህ አስኬድሁህ።

ሙት ዓመቷን ከፋሲካ በሳምንቱ አወጣን። ደብሪቱ እህቷ ከጉንደ ወይን መጥታ ሁሉን ሠራች። ሰው በላ፣ ጠጣ፣ መረቀ። እኔ ብርጭቆ ሳነሳ ሳስቀምጥ ዋልሁ። ማምሻውን ካህናቱ ሲሄዱ ጎማዎቹን፣ መቀመጫውን፣ መቀየሪያውን ገጠምሁ። ሁሉም በቦታው ገባ፤ ምንም የሚጎድል አላገኘሁም።

ሳልነግርህ ብቀር የሚከብደኝ አንድ ነገር አለ። ሲጫረት እኔው ልገዛው አስቤያለሁ። አልተከለከለም፤ ብዙ ሰው የራሱን ስለት ይገዛል። ቄስ ገዳሙን አልጠየቅሁም። ትዘልፈኝ እንደሆነ ቶሎ ጻፍልኝ።

እንዳላማው

ደብረ ማርቆስ፣ ሰኔ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለፍሥሐ

አልዘለፍኸኝም። «አንተ ታውቃለህ» ብቻ አልህ፤ የባሰ ነው።

የሰኔ ሚካኤል ዋዜማ ብስክሌቱን ከአውቶቡሱ ላይ አውርጄ ሉማሜ አደርሁ። በማግስቱ እየገፋሁ ሄድሁ። መንዳት አልችልም፤ እሷ ልታስተምረኝ ስትል «ወንድ ልጅ በሚስቱ ተደግፎ?» እያልሁ ቀርቻለሁ። መንገዱ ጭቃ ነበር።

ታቦቱ ከገባ በኋላ ቄስ ገዳሙ ጥላውን፣ ምንጣፉን፣ በጎቹን አጫርተው ጨረሱ። ከዚያ ብስክሌቱን ራሳቸው ገፍተው አመጡ። «ይህ የወለተ ኪዳን ስለት ነው» አሉ፤ በክርስትና ስሟ። «ስንት ተባለ?»

ዋጋ የጠራ የለም።

«ስንት ተባለ?»

ሕዝቡ ሁሉ እኔን ያያል። ለካ ተነጋግረው ነበር፤ በላዬ ማንም እንዳይጨምር፣ እኔ የጠራሁት እንዲጸናልኝ። ከበስተኋላዬ አንድ ሽማግሌ «እንዳላማው ይጥራው፤ ለሱ ትተንለታል» አሉ።

ገንዘቡ ኪሴ ነበር፤ እጄም ኪሴ ነበር። ያኔ ጓሮዬ ታየኝ። ይዤው ብመለስ በማግስቱ የመቀመጫውን ስፌት እፈታለሁ፤ ስፌት አውቃለሁና ስህተት አላጣበትም። ስለቱ ገብቶ እንኳ እኔ አላስገባውም ማለት ነው።

«አልገዛም» አልሁ። «እናንተ ተጫረቱ።»

የሰማኝ ሰው ግን ይሉኝታ መሰለው። አንዷ «ጨንቆት ነው፣ እናዋጣለት» አለች፤ ሌሎችም «እናዋጣ፣ እናዋጣ» ማለት ጀመሩ። ደግነታቸው እንደ ደራሽ ውኃ መጣብኝ። ተጨማሪ ብቆይ ብስክሌቱን ገዝተው ራሳቸው እያጀቡ ቤቴ ሊያገቡልኝ ነው።

«ገንዘብስ አለኝ» አልሁ ጮክ ብዬ። «አልፈልገውም።»

እንዲህ ስል ሰው ሁሉ ደነገጠ። አንዱ «ምን ያለ ሰው ነው፣ የሚስቱን?» ሲል ሰማሁት። ይበል።

ከዚያ አንዲት ሴት እጇን አነሳች። አይናዲስ ትባላለች፤ ሉማሜ መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት አላት።

«ጋሼ እንዳላማው፣ እኔ ብጫረት ይቀየሙኛል?»

«አልቀየምሽም።»

«ለዳቦ ማመላለሻ ነው'ኮ። እንደ ባለቤትዎ ለቁም ነገር አይደለም።»

«ዳቦም ቁም ነገር ነው።»

«መንዳትስ ትችያለሽ?» አሏት ቄስ ገዳሙ።

«እስክችል እወድቃለኋ አባቴ።»

ሕዝቡ ሳቀ፤ ከዚያ ሌላውም ጨመረ፣ እሷም ጨመረች፣ እንደ ወጉ ሆነ። ለእሷ ጸና። ቄስ ገዳሙ ባረኩና «ወለተ ኪዳን ቃሏ ተፈጸመ» አሉ። «አሜን» አልሁ። ባዶ እጄን ወደ መንገድ ወጣሁ። ስመጣ መሪውን ይዤ ነበርና ስመለስ እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ፤ ኋላዬ ላይ አጣምሬው ሄድሁ።

ተሰማህ ወይ ትለኛለህ፤ አውቅሃለሁ። አልተሰማኝም። ዓይኔ እንደተከፈተበት ዕለት ነው፤ ተጠናቀቀ ሲሉኝ ተነሥቼ ሄድሁ።

ለአንተ ብስክሌት ዕቃ ከባሕር ዳር የሚያመጣልኝ ሰው አግኝቻለሁ። አዲስ ነው፤ እንቢ እንዳትል።

እንዳላማው

ደብረ ማርቆስ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለፍሥሐ

ደብዳቤህን ሳነብ ሳቅሁ። አዲሱ ማርሽ አንተን እንጂ ብስክሌቱን አላስረጀውምና እደግ።

«እንደነበረ ይዛዋለች ወይ?» ላልኸው፣ አልያዘችውም። ትናንት ለሚካኤል የሰፋሁትን መጎናጸፊያ ላደርስ ሉማሜ ወርጄ ነበር። ከመናኸሪያው ወደ ላይ ስወጣ ከኋላዬ ደወል ሰማሁ። ለመንገደኛ እንደሚደረገው ዳር ያዝሁ። አልፋኝ ከሄደች በኋላ ነው አይናዲስ መሆኗን ያወቅሁት።

ከኋላው የእንጨት ሳጥን ተመትቶበታል። የፊት ጎማው ጥቁር፣ የኋላው ቀይ መስመር ያለበት ነው። መሪው ላይ ሮዝ ፕላስቲክ ጠምጥማበታለች። መቀየሪያው የለም፤ በአንድ ማርሽ ነው የምትሄደው፣ ዳገቱ ላይ ቆማ ትረግጠዋለች። የመለስሁብህን፣ አንተም እንደገና የላክኸውን ያን መቀየሪያ አንሥታ ጥላዋለች እንግዲህ። ይከፋኛል ብዬ ቆሜ ጠበቅሁ። አልመጣም።

ሳጥኑ ሲያልፍ ግን የትኩስ ዳቦ ሽታ ቀረብኝ፤ እዚያው መንገድ ዳር ቆሜ ራበኝ። ሰዓት ደረሰ ተብሎ እንደሚበላው አይደለም፤ ሆዴ ጮኸ። ተከትያት ሻይ ቤቷ ሄድሁ። ስደርስ ዳቦውን እያወረደች ነበር።

«ውይ፣ ጋሼ እንዳላማው። እንዲህ አድርጌ አበላሸሁብዎት አይደል?»

«ዳቦ ስጪኝ» አልኋት። «ከታችኛው፣ ትኩሱን።»

በሻይ በላሁ። ሌላም አዘዝሁ።

እንዳላማው